‹ሰነፍ› ስለተባለው ተማሪ
ጤና ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባበት ታሪክ

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለ ጤና አጠባበቅ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣው ሆስፒታልም መድኃኒትም አልነበረም። የመጣው አንድ ቃል ነው፤ ‹ሰነፍ› የሚለው ቃል። በማስተማር ሥራ ዕድሜውን የገፋ ሰው ሁሉ ይህን ቃል ስንት ጊዜ በአፉ እንደ ተናገረው፣ ስንት ጊዜም በተማሪ ካርድ ላይ በቀይ ቀለም እንደ ጻፈው ሊቈጥረው አይችልም። ልጁ በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ ሰነፍ ነው። ከሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አስተካክሎ አይገለብጥም፤ ሰነፍ ነው። ያረፍዳል፣ ይቀራል፣ ስሙ ሲጠራ ቶሎ አይሰማም፤ አሁንም ሰነፍ ነው። ባለፉት አንድ መቶ ዓመታት በአገራችን ስለ ሕፃናት ጤና የተገኘው ዕውቀት፣ በትምህርት ቤት በኩል ሲታይ፣ ይህን ቃል አንድ በአንድ ከስፍራው ሲያስለቅቅ የኖረ ነው ማለት ይቻላል። የምተርከውም ይህንኑ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ከቄስ ትምህርት ቤት መጀመር ግድ ነው። የኔታ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ ወይም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፊደል ሲያስቈጥሩ ጤና የሚባል የትምህርት ዐይነት አልነበረም። ከፊደልና ከዳዊት ዐልፎ ዜማ ወይም ቅኔ ፍለጋ ከአገሩ የወጣው የቆሎ ተማሪማ ኑሮው ከሁሉ የከፋ ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ ያገኘውን ቊራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ ሌሊቱን በጠባብ ጎጆ ተጨናንቆ ያድራል። በዚያ ጎጆ ውስጥ ቅማልና እከክ እንደ ቤተ ሰብ ይቈጠሩ ነበር፤ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ አንዱን የያዘ እንደ ሆነ ጎጆውን ሁሉ ያዳርሳል። ይህን ስል ያንን የትምህርት ሥርዐት ለማቃለል አይደለም፤ ሊቃውንቱን ያፈራው እርሱ ነውና። ይሁን እንጂ መከራውን ታግሦ ያለፈው ሊቅ ሲባል፣ ታሞ ከመንገድ የቀረው ተማሪ ስሙ የትም አልተጻፈም። ችሎታና የሰውነት ጥንካሬ በዚያ ዘመን አልተለዩም ነበር።

በ1900 ዓ. ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገና ሥር ሳይሰድ በ1911 ዓ. ም. የኅዳር በሽታ ገባ። በዓለም ላይ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ የተባለው ይህ በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ ዐሥር ሺህ ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል፤ በዚያን ጊዜ ለነበረችው ትንሽ ከተማ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ያስተውለዋል። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቈሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት ልማድ ጸና። ‹ኅዳር ሲታጠን› እየተባለ እስከ ዛሬ ድረስ ሲከበር የኖረውን ይህን ቀን እኛ በልጅነታችን እንደ ጨዋታ እንወደው ነበር፤ መጥረጊያውን ይዘን የምንሯሯጠውም እኛው ነበርን። ሕዝቡ ንጽሕናንና በሽታን አገናኝቶ ለልጆቹ ያስተማረበት የመጀመሪያው የጋራ ትምህርት ምናልባት ይኸው ነው፤ መምህርም መጽሐፍም አላስፈለገውም።

በ1917 ዓ. ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላም ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ተስፋፉ። ከእነርሱ ጋር አንድ ሥርዐት ተስፋፋ፤ የጠዋት ሰልፍ ምርመራ። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ተማሪው እጁን ዘርግቶ ይቆማል፤ የዕለቱ ተረኛ መምህር ጥፍሩን፣ ፀጉሩን፣ የሸሚዙን ዐንገትጌ ያያል፤ ያልጸዳውን ከሰልፍ ያወጣል፤ ጣቶቹንም በማስመሪያ ይመታል። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን ያልቀመሰ የለም። ምርመራው ብዙ በጎ ነገር እንደሠራ አልክድም፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ልብሳችንን እንድናጥብ አድርጎናል። ሆኖም ከምንጭ ሁለት ሰዓት ርቆ የሚኖር ልጅና በግቢው ቧንቧ ያለው ልጅ እኩል ይመረመሩ ነበር፤ ቅጣቱም እኩል ነበር። ትምህርቱ ከውኃው ቀድሞ ደረሰ። እድፍ እንደ ጥፋት ስለ ታየም ያልታጠበው ልጅ ማርፈድን መረጠ፤ ካረፈደ ሰልፉ ያልፈዋልና። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስለ ማርፈዱ ሰነፍ ተባለ።

የጤናን ጉዳይ በሙያ የሚመለከት ሰው ወደ ትምህርት ቤት መምጣት የጀመረው ቈይቶ ነው። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ. ም. ራሱን ችሎ ተቋቋመ፤ በ1947 ዓ. ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ጥቂት ቀደም ብሎ በአጠገቡ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ስለ ነበር፣ የኮሌጁ መከፈት ችግሩን ከሥፍራው ለመግጠም የታሰበ ነበር። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው የጤና መኰንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎች አንድ ላይ ሆነው በየወረዳው የጤና ጣቢያዎችን እንዲያቋቁሙ ነበር ዐላማው፤ ከጤና ጣቢያው ተግባራት አንዱም በአካባቢው ያሉትን ትምህርት ቤቶች መጐብኘት ነበር። በአገራችን የትምህርት ቤት ጤና አገልግሎት የሚባለው መሠረቱ እዚህ ላይ ነው። የሠለጠነ ሰው ጥቂት፣ ትምህርት ቤቱ ሩቅ፣ መንገዱ ክፉ ስለ ነበር ግን ብዙው ትምህርት ቤት ነርስ ሳያይ ዓመታት አሳልፏል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ትምህርት ቤቱ እንደ ተቀባይ ብቻ ነበር የሚታየው፤ መድኃኒት የሚሰጠው፣ ምክር የሚነገረው፣ የሚመረመረው። ትምህርት ቤቱ ራሱ ለአገር ጤና የሚሰጠው ነገር እንዳለ በግልጽ የታየው በፈንጣጣ ዘመቻ ጊዜ ነው። በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት እወዳለሁ።

በጥር 1963 ዓ. ም. በኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። በዓለም ላይ በሽታው በቀረባቸው ጥቂት አገሮች መካከል እኛ ከመጨረሻዎቹ ነበርን። ከዘመቻው በፊት በነበረው ዓመት በመንግሥት መዝገብ የታወቁት በሽተኞች 722 ብቻ ነበሩ፤ ዘመቻው በተጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ግን ከ26 ሺህ በላይ ተገኙ። ልብ ይበሉ፤ በሽታው በአንድ ዓመት ሠላሳ ስድስት ጊዜ አልተባዛም፤ ድሮም ነበረ፣ ያየው ግን አልነበረም። ሠራተኞቹ ጥቂት፣ አገሩ ሰፊና ተራራማ፣ ከመኪና መንገድ በእግር ብዙ ቀን የሚያስኬድ ነበር። እንግዲያው በየተራራው ጀርባ ማን እንደ ታመመ እንዴት ይታወቅ?

የመፍትሔው አንድ ክፍል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተገኘ። ሠራተኞቹ ፈንጣጣ የያዘው ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበትን የዓለም ጤና ድርጅት ካርድ ይዘው ወደ ክፍል ይገቡና ለተማሪዎቹ ያሳያሉ፤ ‹በመንደራችሁ እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?› ብለው ይጠይቃሉ። ከዐሥር፣ ከዐሥራ አምስት መንደር የሚመጡ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠዋል። እጅ ይወጣል፤ የመንደር ስም ይጠራል፤ ሠራተኛው ይመዘግባል፤ በማግሥቱ በዚያ አቅጣጫ ይጓዛል። በገበያ ቀንም እንዲሁ ይደረግ ነበር፤ ነገር ግን አዋቂው ሰው የውጭ ሰው ሲጠይቀው ይጠራጠራል፣ ቤተ ዘመዱን ይሸሽጋል፤ ሕፃን ያየውን ይናገራል። ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ ምስክር የሚሆነው ከሩቅ የሚመጣው ልጅ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ቅርቡን መንደር ሠራተኛውም በራሱ ሊያየው ይችላል፤ ማዶ ያለውን የሚያውቀው ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣው ተማሪ ብቻ ነው። እኛ በመዝገባችን አርፋጅ ብለን የጻፍነው ማለት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስታውስ። አባቶቻችን የፈንጣጣን መከላከያ ከዚያ በፊት አያውቁም ነበር ማለት ስሕተት ነው። ከበሽተኛው ቊስል ፈሳሽ ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በስቶ ማስገባት በአገራችን የቈየ ልማድ ነበር፤ ‹ከተበ› የሚለው ግስም ለዚህ ሥራ ሲነገር ኖሯል። ዘዴው አደጋ ነበረው፤ የተከተበው ሰው እውነተኛውን ፈንጣጣ ስለሚይዝ ለሌላው ያስተላልፋልና። በዘመቻው ጊዜ በአንዳንድ አካባቢ የአገር ከታቢዎች አዲሱን ክትባት የተቃወሙትም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሕዝቡም በለመደው ይተማመን ነበር። ይህን ባለማወቅ የገጠሩን ሕዝብ ሁሉ ክትባት የሚፈራ አላዋቂ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ፍርዳቸው የተዛባ ነው።

የበሽተኞቹ ቊጥር በሁለተኛው ዓመት ወደ 17 ሺህ፣ በሦስተኛው ከ6 ሺህ በታች ወረደ። የመጨረሻዋ በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ. ም. በደቡብ ምሥራቅ በረሓ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘች። በ1972 ዓ. ም. ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በዚያ ድል ውስጥ ስማቸው ያልተመዘገበ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሻ እንዳላቸው የእኛ ሙያ ሰዎች እንኳ እምብዛም አናነሣውም።

በዚያው ዘመን ገደማ ስለ ‹ሰነፉ› ልጅ ሌላ ነገር እየታወቀ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1957 ዓ. ም. ገደማ በዐድዋ የቢልሃርዝያን ስርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ዕድገቱን ከፊል የሚፈጽመው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ያየ ዐይን ሁሉ ያለፈውን ነገር እርሳቸው አቁመው ጠየቁ። ከ1961 እስከ 1966 ዓ. ም. በዐድዋ በእንዶድ በተደረገው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረደ። ይህ በሽታ በብዛት የሚይዘው በወንዝ የሚዋኘውን፣ ከብት የሚያጠጣውን፣ ውኃ የሚቀዳውን ልጅ ነው። ሆዱ ይነፋል፤ ደሙ ይቀንሳል፤ ሰውነቱ ይዝላል። ክፍል ገብቶ ግን ትኩሳት የለውም፣ አያስልም፣ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። ስንፍና ከዚህ የተለየ ምን መልክ አለው?

ይልቁንም እንቅርት እኛን መምህራንን ሊያሳፍረን የሚገባ ታሪክ አለው። በደጋው አገር እንቅርት የተለመደ ነገር ከመሆኑ የተነሣ ‹በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ› እያልን የተረት መክፈቻ አድርገነዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት በየክፍለ ሀገሩ ጥናት ሲያካሂድ፣ ከተመረመሩት ተማሪዎች መካከል ከመቶ 30 በላይ የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው ተገኘ። የአዮዲን እጥረት ዐንገትን ማሳበጡ ትንሹ ጉዳቱ ነው፤ በእርግዝናና በሕፃንነት ጊዜ ሲያጋጥም የአእምሮን ዕድገት ያቀጭጫል፣ መስማትንም ሊያውክ ይችላል። እንግዲህ በአንድ የደጋ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ‹የዚህ አገር ልጆች ትምህርት አይገባቸውም› ብሎ በሐቀኝነት ሊደመድም ይችል ነበር፤ አንዳንዶቻችንም ደምድመናል። መድኃኒቱ በጨው ላይ የሚጨመር ጥቂት ቅመም ነበር። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለበት ጨው በ1990 ዓ. ም. በተነሣው ጦርነት ሲቋረጥ፣ አዮዲን የሌለው የአፋር ጨው ገበያውን ሞላው፤ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ. ም. ነው። በመካከሉ ያለፉት ዐሥራ ሦስት ዓመታት አንድ ትውልድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ጀምሮ የሚጨርስበት ዕድሜ ናቸው።

ስለ አለንጋና ስለ አርጩሜ በአጭሩ ልናገር። ‹ሰነፍ› የሚለው ቃል ብቻውን አይሄድም ነበር፤ በትር ይከተለዋል። ወላጅም ልጁን ለመምህር ሲያስረክብ ‹ዐይኑን ብቻ ተውልኝ› ይል እንደ ነበር የምናውቀው ነው። በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ደነገገ። በትሩ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ዛሬም የተሸሸገበት ቦታ አለ። ሆኖም መምህሩ የመታው ልጅ የደነቈረ ወይም የታመመ እንደ ሆነ፣ ጥፋቱ ወደ ማን እንደሚመለስ ሕጉ ቊርጥ አድርጎታል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ቅርብ ስለ ሆነ ፈጠን ብዬ ዐልፈዋለሁ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ድርቅ በሚያጠቃቸው አካባቢዎች የተማሪዎች ምገባ ጀመረ፤ በ2012 ዓ. ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባውን በሰፊው ያዘው። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ራሱን ስቶ የሚወድቀው ልጅ ቊርስ ሳይበላ የመጣ መሆኑን እያንዳንዱ መምህር ከዚያ በፊትም ያውቅ ነበር፤ በኪሱ ዳቦ ገዝቶ የሰጠም ብዙ ነው። በ2008 ዓ. ም. የሆድ ትላትልን ለማከም በትምህርት ቤቶች አማካይነት የሚሰጥ አገር አቀፍ የመድኃኒት እደላ ተጀመረ፤ አዳዩም በብዛት መምህሩ ራሱ ሆነ። የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ደግሞ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ. ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ በ2013 ዓ. ም. ሲከፈቱ በየበሩ የእጅ መታጠቢያ እንዲኖር ታዘዘ። ከሰባ ዓመት በላይ እጃችሁን ታጠቡ ስንል የኖርን ሰዎች ውኃው የት አለ የሚለውን ጥያቄ በሙሉ ድምፅ የጠየቅነው ያን ጊዜ ነው። ባለ በርሜሉ፣ ባለ ጀሪካኑ፣ ባለ ቧንቧው በየዐቅሙ አቀረበ። ጀሪካኑ ከተነሣ በኋላ የተረፈው ምን እንደ ሆነ እያንዳንዱ ርእሰ መምህር በሩን ወጣ ብሎ ቢያይ ያገኘዋል። የመጸዳጃ ቤቱም ነገር ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ በር የሌለው መጸዳጃ ቤት ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላትን ልጅ በየወሩ ከትምህርት እንደሚያስቀራት እናቶች ከእኛ ቀድመው ያውቁ ነበር።

ስለ ዐይን ሳልናገር ብጨርስ የራሴን ጥፋት መሸሸግ ይሆንብኛል። ትራኮማ፣ በተለምዶ የዐይን ማዝ የምንለው፣ በአገራችን ምን ያህል እንደ ተስፋፋ በትክክል የታወቀው በ1998 ዓ. ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ነው፤ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት መካከል ከመቶ 40 ያህሉ በሽታው ነበረባቸው፤ በአማራ ክልል ከመቶ 60 በላይ ሆኖ ተገኘ። በሽታው በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ እየተላለፈ ልጁን ደጋግሞ ይይዘዋል፤ የቈብን ውስጥ ያጠባስላል፤ ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን እየፈተገ ያሳውራል። ፊትን መታጠብ ከመከላከያዎቹ አንዱ ነው፤ ይህም እንደገና ወደ ውኃው ይመልሰናል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። በመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ከሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ስትገለብጥ ግማሹን ትዘለዋለች፤ የቀረውን ታዛባለች፤ ቀና ብላ እንድታይ ስነግራት ፊቷን በነጠላዋ ትጋርዳለች። እልኸኛ መስላኝ ብዙ ቀን አንበርክኬያታለሁ፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜም መትቻታለሁ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርዷ ላይ የጻፍኩት ቃል የትኛው እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል። በየካቲት ከጤና ጣቢያው የመጣ አንድ የጤና ረዳት ክፍሉን ሲጐበኝ የሁሉንም ዐይን ቈብ እየገለበጠ አየ፤ ከእርሷ ዘንድ ሲደርስ ቆመና፣ ‹ጋሼ፣ ይህችን ልጅ ብርሃን ፊት አስቀምጠው ነው እንዴ የሚያስተምሩ?› አለኝ። ቈስሎ የሚያለቅስ ዐይን ብርሃን እንደሚወጋው ያን ቀን ተማርሁ። የዐይን ቅባት ሰጣትና ሄደ። እኔም ከመስኮቱ አንሥቼ በጥላው በኩል፣ ከፊተኛው ረድፍ አስቀመጥኋት፤ ጠዋት ጠዋትም በክፍሉ በር ላይ ከማሰሮ ውኃ እየቀዳሁ ለሁሉም ፊት ማስታጠብ ጀመርሁ። ሰኔ ላይ ከአርባ ሁለት ተማሪዎች ሰባተኛ ወጣች። ካርዷን ስሞላ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ቃል በቀይ ቀለም ተጽፎ ከላይ ነበር፤ ካርዱ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ልሰርዘው አልቻልሁም፤ እንደ ያዘች ወደ ቤቷ ሄደች።